ጎረቤት ሬዲዮ ሊዋስ የመጣ ሰሞን

ትናንት ከሰዓት በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የወጣት ወንድ ድምፅ ነው። «የሐዘን መልእክቱ ላይ ያለው ስልክ ይኼ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። «ይቅርታ እናቴ፣ ያረፉት ሰውዬ ሥራቸው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐዘን ቤት የሚደውል ሰው «እግዜር ያጽናሽ» ይላል እንጂ ሥራ ይጠይቃል እንዴ? ጊዜው ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ለቅሶ ደራሽ መስሎ ገብቶ ጫማ አማርጦ የሚወጣ ሌባ ያለበት ከተማ ነው። «አንተ ማን ነህ?» አልኩት ቆጣ ብዬ። «እኔማ...» ብሎ ተንተባተበ። «ዕድሜያቸውስ ስንት ይሆናል? ትውልዳቸውስ?» ሲለኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ቀጥሎ የሚጠይቀኝ የባንክ ደብተር ነው ብዬ።

የምኖረው ለቡ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ዕድራችን ድሮ ጡሩምባ ያስነፋ ነበር። አሁን ጸሐፊው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ነካ ነካ ያደርግና የሰው ሞት በአንድ ጊዜ ሁሉም ኪስ ውስጥ ይንጫረራል። መልእክቱ የሟችን ስም ከነአባት ስሙ፣ የሚቀበርበትን ደብርና ሰዓቱን፣ ከታች ደግሞ የቤተሰብ ስልክ ይናገራል። ፎቶ የለው፣ ዕድሜ የለው። ያንን የተቀበለ ለሌላው ይልካል፣ ያኛውም ለሌላው፣ እንዲህ እያለ የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። እኔ ቤት ማን እንደሞተ አሁን አትጠይቁኝ። ስሙን ከአፌ ለማውጣት ገና ነኝ፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ስልኩን ዘግቼ ሻይ ልጥድ ብድግ አልኩና ምድጃው ጋ ሳልደርስ ቆምኩ። ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። እንዲያውም እኔው ራሴ ጠይቄዋለሁ፣ የዩኒፎርም ቀሚስ ለብሼ፣ ማስመሪያ በእጄ ይዤ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ የማትሪክ ሰሞን። ያኔ መካኒሳ ዛሬ እንደምታዩት አልነበረም። ከአስፋልቱ ትንሽ ወረድ ካሉ ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ቀጥሎ ወንዝ። እናቴ ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት፤ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ ትሸጣለች። አባታችን ልጆች ሳለን ነው የሞተው። ወንድሜ አበራ እኔ እንድማር ብሎ ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋረጠና የሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ። በመጣ ቁጥር የዲላ አናናስ ተሸክሞ ነው የሚገባው። ቤቱ በናፍጣና በአናናስ ሽታ ይሞላል፤ እስከ ዛሬ አናናስ ስቆርጥ ናፍጣ ይሸተኛል። ያን ጊዜ ግን ከሄደ ወር አልፎት ነበር፤ ስልክም የለ፣ መልእክትም የለ። እማዬ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። ጮክ ብሎ በር ያንኳኳ ሰው ራሱ ያማታል።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጣች። ፊቷ ልክ አይደለም። «የሺዬ፣ ሬዲዮሽን እስቲ ለሁለት ሦስት ቀን አውሺኝ። የኛ ባትሪው አለቀ» አለቻት። እማዬ ምንም ሳትል ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠቻት። እትዬ ዘነበች ሬዲዮዋን ታቅፋ፣ ዓይኔን ሳታይ ወጣች።

ቆይ እንጂ! ባትሪ የምንሸጠው እኛ አይደለንም እንዴ? እትዬ ዘነበች ዕድሜዋን ሙሉ ባትሪ የገዛችው ከእናቴ ነው። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ እያየችው ሬዲዮ ትዋሳለች? ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይላሉ። እኔ ያንን ስንጥር ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ።

እሁድ ጠዋት እትዬ ዘነበች የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ላከችልን። እትዬ ዘነበች! ልጆቿ እንኳን እንቁላል የሚያዩት በፋሲካ ነው። ቀጥሎ የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ሙዘሚል መጡ፤ መንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሌላ ጊዜ ከበር ጀምረው «ዶክተሯ! መርፌሽን አዘጋጅተሻል?» እያሉ ነው የሚገቡት። ያን ዕለት ግን ኮፍያቸውን አውልቀው እናቴን ጎንበስ ብለው ሰላም አሏት። ሳሙና ገዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣

«ፈተናሽ መቼ ነው የሚያልቀው ልጄ?» አሉኝ።

«ነገ ይጀምራል፣ ማክሰኞ ያልቃል።»

«ማክሰኞ ከሰዓት?»

«አዎ።»

«በጎ... በጎ...» አሉና ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ረስተው ሄዱ።

ያን ዕለት ከሰዓት የዕድሩ አግዳሚዎችና የድንኳኑ ሸራ ከዕድሩ ቤት ወጥተው እትዬ ዘነበች ግቢ ገቡ። ምነው ሲባል፣ የዕድሩ ቤት ጣራ ስለሚያፈስ ነው ተባለ። ጣራው ስንት ክረምት አፍስሷል፤ አግዳሚ ሲሸሽ አይቼ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ወደ ፈተና ስወጣ ደግሞ እትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተደግፎ አየሁ። እጀታው በቀይ ሽቦ የተጠመጠመ። በዓለም ላይ እንዲያ ያለ ጃንጥላ አንድ ብቻ ነው፤ የእናቴ ወንድም የጋሼ ወልደየስ ነው፣ የቡታጅራው። ጋሼ ወልደየስ አዲስ አበባ መጥቶ ከእህቱ ቤት ሌላ የት አድሮ ያውቃል?

ከዚህ በኋላ የቀረኝ ነገር አልነበረም። ሁሉን ገጣጠምኩት።

እኛ አገር ሞት በድንገት አይነገርም። ሰው ሩቅ አገር ከሞተ፣ ወሬው ቀድሞ የሚገባው ለጎረቤት ነው፣ ለዕድር ነው፣ ለዘመድ ነው። ባለቤቱ መጨረሻ ነው። አገር ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ እየሳቀ ይዞራል። ዘመድ በስውር ይጠራል፣ ድንኳን ይዘጋጃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጡና መርዶውን ያረዳሉ። በዓል ካለ በዓሉ ይለፍ ይባላል፣ የታመመ ካለ ይዳን ይባላል። ማትሪክ የሚፈተን ልጅ ካለማ ጨርሶ አይታሰብም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዷ ጓደኛዬ የመጨረሻ ፈተናዋን ጨርሳ፣ ደብተሯን ወደ ላይ እየወረወረች እየሳቀች ሰፈሯ ስትደርስ ድንኳን ተተክሎ ጠበቃት። አባቷ ከሞተ ቆይቶ ነበር። አብሬያት ነበርኩ፤ ሳቋ እንዴት እንደቆመ አይቻለሁ።

እንግዲህ አበራ ሞቷል። ረቡዕ ማለዳ ሊያረዱን ነው። እኔስ ቻልኩት እንበል፣ እማዬ እንዴት ትሆናለች? እሷ እቴ፣ ምንም አታውቅም። ያን ሰሞን እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ደህና ነበረች። ጫማዬን ትጠርግልኛለች፣ እንጎራጉራለሁ ብላ ትጀምርና ትተወዋለች፣ «ብዪ እንጂ፣ ባዶ ሆድ አይፈተንም» ትለኛለች። አንጀቴን በላችው። እንዲያ ሆና ሳያት እውነቱን ከማንም ቀድሜ እኔ ማወቅ አለብኝ አልኩ። ከሞተም ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ፤ ካልሞተም እነዚያ ሰዎች ማለዳ ዋይ እያሉ ገብተው በከንቱ እንዳይገድሏት።

ግን ሞት የት ይጠየቃል? ቀበሌ እንዳልሄድ፣ ቀበሌ የሰው መሞትን የሚያውቀው ቤተሰብ መጥቶ ሲያስመዘግብ ነው። ሄጄ ወንድሜን እኔው ላስሞተው? ዕድሩን እንዳልጠይቅ፣ የሚዋሹኝ እነሱው ናቸው። ጡሩምባ ነፊው ራሱ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገር ጀምሯል።

ሰኞ ከፈተና ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የቀብር ጉዳይ የሚያዩት አዛውንት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሽንብራ ይቆረጥማሉ። «አበራ ወልዴ የሚባል ሰሞኑን ተቀብሮ እንደሆነ...» አልኳቸው። «ሟች» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ቀና ብለው አዩኝ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«እ?»

«ልጄ፣ እኛ ጋ ሰው የሚሸኘው በክርስትና ስሙ ነው። አበራ ማበራ አናውቅም። ፍትሐት ሲፈታ የተጠራበትን ስም አምጪ።»

ጉድ በሉ! ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ የወንድሜን የክርስትና ስም አላውቅም። የሚያውቁት የክርስትና አባቱና እናቴ ናቸው። የክርስትና አባቱ ሞተዋል። ቤት ገብቼ፣ እማዬ ባቄላ ስትለቅም ጠብቄ፣ እንደ ዋዛ ጣል አደረግኩት።

«እማዬ፣ የአበራ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቀጥ አለ። «ምን ሊያደርግልሽ?»

«ጓደኞቼ ለፈተናው ስም ለቄስ ሊሰጡ ነው። የኛንም አብረው እንዲሰጡ ብዬ።»

«የምትፈተኚው አንቺ፣ ስም የሚሰጠው እሱ?» ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ባቄላው መልሳ፣ «ኃይለ ሚካኤል ነው። ሂጂ አሁን አጥኚ» አለችኝ።

ነቃችብኝ እንዴ ብዬ ስሠጋ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ፈተና ስሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሮጥኩ። አዛውንቱ በዚያ ስም የተሸኘ ወንድ ሰሞኑን የለም አሉኝ። ደስታዬ ግን በሩን ሳልወጣ አለቀ። አዲስ አበባ ውስጥ ደብሩ ስንት ነው? መንገድ ላይ ሞቶ ዲላ ተቀብሮስ ቢሆን?

ፈተናው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እርሳሴን እየነከስኩ ሳለ ነው ሬዲዮው የታወሰኝ። ለምን ሬዲዮ ወሰዱብን? እንዳንሰማ ነዋ! እነሱስ ሞቱን ከየት ሰሙ? ከሬዲዮ ነዋ! ያን ጊዜ ዘመዱ የተበተነበት ሰው የሚቀብር ሁሉ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ ማስታወቂያ ያስነግራል። የጠዋቱን ወረቀት እንደ ነገሩ አጥቁሬ አስረከብኩና፣ በምሳ ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍሬ ከተማ ወጣሁ። ከሰዓት የጂኦግራፊ ፈተና ነበረኝ። እደርሳለሁ ብዬ ነው እንጂ ልቀር ብዬ አልነበረም።

ማስታወቂያ የሚቀበሉት በአንድ መስኮት ነው። መስኮቱ ጋ ዓይናቸው ያበጠ ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ የእህቱን፣ አንዱ የአማቱን። ተራዬ ሲደርስ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴትዮ፣ «የማንን ነው?» አለችኝ።

«ላስነግር ሳይሆን... ቅዳሜ የተነገረ ነው። አበራ ወልዴ። ሥራው ምን ነበር? ዕድሜውስ?»

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«እህቱ።»

«እህቱ ሆነሽ ሥራውን አታውቂም?»

«ከገጠር መምጣቴ ነው» አልኩ። የገጠሯ ልጅ የአዲስ አበባ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ማስመሪያና እርሳስ ይዛ! ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ምን እንደታያት አላውቅም፤ ድምጿ ለሰለሰ። «የከባድ መኪና ረዳት ነው። ባለመኪናው ነው መጥቶ ያስነገረው፣ ሰውዬው መናገር እስኪያቅተው እያለቀሰ። ዕድሜውን አልጻፈም። ለቅሶው ላፍቶ ነው፤ ወፍጮ ቤቱን አልፎ» አለችኝ።

የመኪና ረዳት። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ደግፈው ወደ ዳር አወጡኝ። አንዲት እናት የራሷን ሐዘን ትታ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ከዚያ ትንሽ ስረጋጋ ያቺ የመጠርጠር አመሌ መጣች። ላፍቶ? እኛ መካኒሳ ነን፤ የአበራ ለቅሶ ላፍቶ ምን ይሠራል? ወይስ ባለመኪናው ላፍቶ ነዋሪ ሆኖ፣ በራሱ ቤት ነው የተከለው? ሁለቱም ይሆናል። ሰዓቴን አላየሁም። ጂኦግራፊ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም ረሳሁት።

በመካኒሳ በኩል ብሄድ ሰው ያየኛል ብዬ በጎፋ ዞርኩ። ከአውቶቡሱ ወርጄ በእግሬ ቁልቁል ወረድኩ። የግንቦት መጨረሻ ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ያስቀረዋል፣ አየሩ እርጥብ አፈርና የከብት ሽታ አለው። ወፍጮ ቤቱን በድምፁ አገኘሁት። ከሱ አለፍ ብሎ ሸራው የዘመመ ድንኳን ታየኝ። ከዚያ በኋላ እግሬ ነው የወሰደኝ እንጂ እኔ አልሄድኩም።

ለቅሶ ቤት «ማን ነሽ?» የሚል የለም። ያለቀሰ ሁሉ ቤተኛ ነው። ከደጅ ጀምሮ እንባዬ ይወርድ ስለነበር ወንዶቹ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ መንገድ ለቀቁልኝ፣ ሴቶቹ ብድግ ብለው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። መሐል ላይ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ በጥቁር ጨርቅ የተከበበ ፎቶግራፍ። እንዳላይ ፈለግኩ፣ አየሁ።

ልጁ ቀጭን ነው። ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ያሉ፣ ፈገግ ሊል ሲል ፎቶ አንሺው የቀደመው ዓይነት። የኛ አበራ አይደለም።

አይደለም! ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «እሰይ! እሰይ!» ልል አፌን ስከፍት የወጣው ግን ለቅሶ ነው፤ ደስታው መውጫ ሲያጣ በለቅሶው በር ወጣ። የማላውቀው ሰው ሬሳ ከወጣበት ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እስኪያየኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። ሹክሹክታ ሰማሁ። ፍራሹ ላይ የተቀመጡት እናቱ፣ ድምፃቸው በለቅሶ የተዘጋ አጭር ሴትዮ፣ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄን ታውቂው ነበር?»

ምን ልበል? «ስሙን... ስሙን አውቀዋለሁ» አልኩ።

ንፍሮ በእፍኛቸው ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ «እኔ አልቆጣሽም። እናትም አባትም ቢቆጡሽ እኔ አለሁ። ከሱ የቀረ ነገር ካለ... አትደብቂኝ ልጄ» አሉኝ። ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነበር።

ፍቅረኛው መስያቸዋለሁ። «የለም እማማ። ምንም የለም» አልኳቸው። እንደ መጨረሻ ክር ይዘውት የነበረውን እጄን ቀስ አድርገው ለቀቁት። «እንግዲህ ፈቃዱ ነው» አሉ። ያቺን ንፍሮ እንዴት እንደዋጥኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ወንዙን ተሻግሬ፣ እየሮጥኩ ነው ቤት የደረስኩት። እማዬ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ገና ሳልገባ፣ «ጨረስሽ? ፈተናሽን ጨረስሽ?» አለችኝ። ድምጿ ልዩ ነበር።

«እማዬ፣ አበራ አልሞተም!»

ብድግ አለች፤ መልሳ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «ምን አልሽ?»

«አልሞተም! ሌላ አበራ ወልዴ ነው፤ የላፍቶ ልጅ ነው። ፎቶውን አየሁት፣ እናቱን አየኋቸው...»

እማዬ ቀሚሷን ከጎን ገለጥ አድርጋ ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ጥቁር ጨርቅ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው እምቢ አላት። እኔ ነኝ የፈታሁላት። ለካ ታውቅ ነበር!

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከቅዳሜ። ዘነበች የኔን ባትሪ እያየች ሬዲዮ ስትዋሰኝ» አለች። «ይቺን መጠርጠር ከማን የወረስሻት መሰለሽ?»

እንቁላሉን የቀረፈችልኝ፣ ጫማዬን የጠረገችልኝ፣ ልጄ ሞቷል እያለች ነው። ሁለታችን አንድ ጣራ ሥር፣ አንዳችን ለአንዳችን እየደበቅን ሰንብተናል። ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ቀና አለችና እንባዋን ሳትጠርግ፣ «ላፍቶ መቼ ሄድሽ? ፈተናው ከሰዓት አልነበረም?» አለችኝ። መሬት መሬት አየሁ። «ጥሩወርቅ?»

«ወይኔ ልጄ! ወይ የኔ ነገር! እንባዬን ውጬ የሰነበትኩት ለማን ነበር?» ብላ ደረቷን መታች። ለአበራ ያልመታችውን ደረት ለጂኦግራፊ መታችው። ማትሪክን በዓመቱ እንደገና ተፈተንኩ።

ጩኸታችንን ሰምተው እትዬ ዘነበች፣ ጋሽ ሙዘሚልና ጋሼ ወልደየስ ከነጃንጥላው እየሮጡ መጡ፤ አወቁ ብለው ለማልቀስ። ነገሩ ሲጣራ ለካ እትዬ ዘነበች የሰማችው ስሙንና «የመኪና ረዳት» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቀብሩ የት እንደሆነ ሳይነገር ባትሪዋ አለቀ። ታዲያ ሄዳ ከሟች እናት ሱቅ ባትሪ ትግዛ?

«ምነው ባታጣሩ?» አለች እማዬ።

«እኔ ዘነበች እስከ መጨረሻው የሰማች መስሎኝ» አሉ ጋሽ ሙዘሚል።

«እኔ ደግሞ ዕድሩ ያጣራ መስሎኝ!» አለች እትዬ ዘነበች።

«እኔን ኑ አሉኝ፣ መጣሁ» አለ ጋሼ ወልደየስ።

ወሬ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቦታ ያጣሩት ነበር። ሞት ሲሆን ግን ማን አፉን ሞልቶ «እውነት ሞተ ወይ?» ይላል? ሁሉም ለሌላው ትቶት፣ ሞት በይሉኝታ ብቻ እቤታችን ደጃፍ ድረስ መጣ።

እማዬ ግን እማዬ ናት። ረቡዕ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ «ፎቶውን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለችና ወደ ላፍቶ ይዣት ሄድኩ። ፎቶውን አየች። ከዚያ ከእናቲቱ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ እዚያ አለቀሰችው። የድንኳኑ ሰው እህቷ ናት እንዴ እስኪል ድረስ። ለሴትዮዋ እውነቱን የነገረቻቸው ሲለያዩ ነው። እሳቸውም «አንቺስ እሰይ፣ ተረፈልሽ» አሏት። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አበራ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አናናሱን ተሸክሞ፣ እያፏጨ መጣ። መኪናው ያቤሎ ተበላሽቶ ዕቃ ሲጠብቁ ነበር የቆዩት። እማዬ መጀመሪያ በጥፊ አለችው፣ ከዚያ ሳመችው። እትዬ ዘነበች እልልታዋን አቀለጠችው። እሱ ነገሩን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲያ በተቆጣነው ቁጥር «የሞተ ሰው አይወቀስም» ይለን ነበር። ለልጁ አርባ ግን ላፍቶ ሄዶ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። የልጁ እናት አበራ ብለው ሲጠሩት «አቤት» እያለ።

አሁን እንግዲህ ደረስኩበት። በዕድሩ መልእክት ላይ ያለው ስም የሱ ነው። አቶ አበራ ወልዴ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ ስኳር በሽታ ሲያሰቃየው ኖሮ ነው ያረፈው። አርባው ገና አልወጣም። ሆስፒታል ሆኜ እጁን ይዤው ስለነበር መርዶ አላስፈለገኝም፤ ሆኖም መልእክቱ ስልኬ ውስጥ ሲገባ ስሙን አንብቤ፣ ለአንድ አፍታ፣ ሌላ ይሆን እንዴ ብያለሁ። አመል አይለቅም።

ትናንት ያን ሁሉ ካስታወስኩ በኋላ ቁጥሩን ፈልጌ መልሼ ደወልኩለት። ልጁ በአንድ ጥሪ አነሳው።

«አባትህ ናቸው?» አልኩት።

«አዎ እናቴ። ወደ መተማ ለሥራ እንደሄደ ድምፁ ጠፋብን። መልእክቱን ሰው ላከልን፤ እናቴ ይኸው እህል አልቀመሰችም። ስሙ ከነአባቱ አንድ ነው።»

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«አናጢ ነው።»

«የኛ ግን ሾፌር ነበር። መካኒሳ ያደገ፣ የሞያሌ መንገድ ሰው» አልኩት። «ያንተ አይደለም ልጄ። የኛ ነው።»

ስልኩን በእጁ እንደሸፈነ ገባኝ፤ ራቅ ብሎ «አይደለም! እማ፣ አይደለም!» ሲል ይሰማኛል። የሴት እልልታ ጀመረ፣ ወዲያው በእጅ እንደታፈነ ዓይነት ጸጥ አለ። ልጁ ተመለሰና በሐፍረት፣ «እናቴ... እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ።

«አሜን። ግድ የለም፣ እልል ትበል። አትከልክላት» አልኩት። ያኔ የላፍቶዋ እናት ልጅ ለእኛ ቤት ምሥራች ሆኖን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ተራው የኛ አበራ ነው።